ከጋይንት ተነስቶ ሪያድ መግባት፦ መንገዱ ሲዘገይ፣ አገሩ ሲከብድ

ይህ መመሪያ ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነስታ በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለምትሄድ እህት የተጻፈ ነው። ወደ ዱባይ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት የምትሄድም ብዙውን ልትጠቀምበት ትችላለች። ቪዛው ከመጣና ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ደመወዝ እጅ ሲገባ ያበቃል። በዚህ መካከል ብዙ ሰው ይደናገራል። የሚደናገረው አቅም አንሶት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን የነገረው ስለሌለ ነው። አንዱን ደረጃ ሳትጨርሺ ወደ ሌላው አትለፊ። ማንበብ ካስቸገረሽ የሠፈር ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።

በመተማ ወይም በጅቡቲ በኩል «በአቋራጭ አሻግርሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ እንቢ በዪ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ መንገድ አይሠራም።

ከቤት ሳትወጪ

1. ዕቃዎቹን አዘጋጂ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ፋይል፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪፕቶ፣ የማይለቅ ማርከር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ቦርሳ፣ መርፌና ክር፣ ፓወር ባንክ። ሁሉንም ከንፋስ መውጫ ወይም ከደብረ ታቦር ገበያ ታገኛለሽ።

2. ወረቀቶቹን ፋይሉ ውስጥ ደርድሪ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የሥራ ውል፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወይም ሲኦሲ፣ የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የመድን ወረቀት፣ ትኬት። የእያንዳንዱን ሦስት ኮፒ አስነሺ። አንዱ ኮፒ ቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በሻንጣ፣ ሦስተኛው በእጅ ቦርሳ ይሁን።

3. ስምሽን በፊደል አመሳክሪ። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ትኬቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ በጣትሽ እየነካሽ ተከተዪ። እንደ ጥሩወርቅ ያለ ስም በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ አንዲት ፊደል ከተለወጠች ቦሌ ላይ ልትቆሚ ትችያለሽ። ልዩነት ካየሽ ያንኑ ቀን ለኤጀንሲሽ ደውዪ። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው መሆኑንም እዚያው ተመልከቺ።

4. ውሉን በአማርኛ አስነብቢ። ሦስት ቦታ ላይ ቁሚ፦ ደመወዙ ስንት ነው፣ የሳምንት ዕረፍቱ መቼ ነው፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ የቱ ነው። ሦስቱንም ወደ ማስታወሻ ደብተርሽ ገልብጪ። ያልገባሽን ነገር ለወረዳሽ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አሳዪ። ሳይገባሽ አትፈርሚ።

5. የማን ወጪ የማን እንደሆነ እወቂ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የብቃት ማረጋገጫ ወጪ ያንቺ ነው። «ለቪዛ ጨምሪ» የሚልሽ ካለ ገንዘቡን አታውጪ፤ ደረሰኝ ጠይቂ። በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ የተገኘ ብር ያለ ደረሰኝ አይሰጥም።

6. የትኬቱን ሰዓት ወደ አገራችን ሰዓት ቀይሪ። ይህን ደረጃ ቀስ ብለሽ ሥሪው። በረራ ካመለጣቸው ሰዎች መካከል መንገድ ሳይዘጋባቸው፣ መኪና ሳይበላሽባቸው፣ ሰዓቱን በማሳሳት ብቻ የቀሩ አሉ።

በትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከ00 እስከ 23 ይቆጠራል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ከ7 በታች ከሆነ 6 ደምሪ። ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሺ። 19 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሺ። 01:40 የሚል ከሆነ 6 ስትደምሪ 7:40 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። 16:20 የሚል ከሆነ 6 ስትቀንሺ 10:20 ይሆናል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20።

7. ቀኑንም ቀይሪ። ትኬቱ የተጻፈው በፈረንጆች ቀን ነው። እነሱ ቀኑን የሚለውጡት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ የምንለውጠው ጎህ ሲቀድ ነው። ትኬቱ «15 ኦክቶበር 2025፣ 01:40» ይላል እንበል። ቀኑ ሲቀየር ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። አንቺ ግን ቦሌ መገኘት ያለብሽ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ማታ በ3 ሰዓት ተኩል ነው። በረራው ለረቡዕ አጥቢያ ነዋ! ረቡዕ ማታ ብትሄጂ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። «ማክሰኞ ማታ» ብለሽ በማርከር በትልቁ ጻፊ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፊ።

8. ስልክ ቁጥሮችን በደብተር ጻፊ። የቤተሰብ፣ የኤጀንሲው፣ የአሠሪው፣ በሪያድ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ ወደ ጂዳ አካባቢ ከሆንሽ የጂዳው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት። የኤምባሲውን ቁጥር ሳትሄጂ ከኤጀንሲው ተቀበዪ። በኢትዮጵያ ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ +251 ጨምሪ፤ የፊተኛዋን ዜሮ አንሺ። አንድ የቤተሰብ ቁጥር በቃልሽ ያዢ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይወሰዳል፤ በቃል የተያዘ ግን አብሮሽ ነው።

9. የባንክ ሂሳብ በራስሽ ስም ክፈቺ። የባንክ ደብተሩን ለምታምኚው ሰው ስጪ። ሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጪ።

10. ሻንጣሽን እሰሪ። ሽሮና በርበሬውን በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልዪ፤ አፉን በፕላስተር ዝጊ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ጨምሪ። ስምሽንና የኤጀንሲሽን ስልክ በማርከር ጽፈሽ ከሻንጣው ውጭም ውስጥም አድርጊ። እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሪ፤ አየር ማረፊያ ሻንጣ በሚወጣበት ቀበቶ ላይ ሁሉም ሻንጣ ጥቁር ነው።

አረቄና ጠላ አትያዢ፤ ጫት በፍጹም አትያዢ። ሳዑዲ ላይ እነዚህ እስር ቤት ያስገባሉ። ሰው «ለእህቴ አድርሽልኝ» ብሎ የሰጠሽን የተሰፋ ወይም የታሸገ ዕቃ አትቀበዪ። ዘመድ ቢሆንም፣ ጎረቤት ቢሆንም፣ ይሉኝታ ቢይዝሽም አትቀበዪ። ሻንጣው ሲከፈት ተጠያቂዋ ሻንጣው በስሟ የተመዘገበው ናት።

11. ማተብሽን ከልብስ ስር አድርጊ። ትልቅ መስቀልና ሥዕለ አድኅኖ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ። ጸሎት በቃል ይያዛል፤ ውዳሴ ማርያምን በስልክሽ ጫኚ።

12. ከቤተሰብ ጋር የመደወያ ቀን ቁረጪ። «እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ ተስማሙ። ኔትወርክ ቢጠፋ እስከሚቀጥለው እሑድ ማንም እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በእኛ አካባቢ መስመሩ ለቀናት ሲጠፋ እናት ምን እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ከቀዬ እስከ ቦሌ

13. ከበረራው ቢያንስ 5 ቀን ቀድመሽ ውጪ። ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የምትነሺ እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን መንገድ ለብቻው አንድ ቀን ያዢለት፤ በክረምት ጭቃና ናዳ አለበት። አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ደብረ ታቦር ቆሞ ከማልቀስ ይሻላል።

14. ከመነሳትሽ በፊት ባለው ማታ ስለ መንገዱ ጠይቂ። መናኸሪያ ሂጂ፤ ሹፌሮችን አነጋግሪ። ሁለት መውጫ አለሽ፦ በደብረ ታቦር፣ በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ ዓባይን የሚሻገረው፣ ወይም በጋሸና ወልድያ ወጥቶ በደሴ የሚሄደው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። የመንገዱ ጭንቀት ከበዛና ገንዘብ ካለሽ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሂጂ፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

15. መንገድ ከተዘጋ ለኤጀንሲው ወዲያው ደውዪ። «ይከፈት ይሆናል» ብለሽ አትጠብቂ። ትኬት ከበረራው በፊት ማስለወጥ ይቀላል፤ ካመለጠ በኋላ ግን ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። የደወልሽበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረሽን ሰው ስም ደብተርሽ ላይ ጻፊ።

16. ፓስፖርቱን ከሰውነትሽ አታርቂ። የአንገት ቦርሳው ውስጥ ክተቺው፤ ከልብስ ስር አድርጊው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በሚወጣ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጪ።

17. አዲስ አበባ ስትደርሺ ያልታወቀ ተሸካሚ ሻንጣሽን አያንሳው። አስቀድሞ የተነገረው ዘመድ ወይም የኤጀንሲው ሰው ይቀበልሽ። ማደሪያሽን በቀን ብርሃን ያዢ።

ቦሌ ላይ

18. ከበረራው 4 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ለውጭ አገር በረራ የምትገቢው በተርሚናል 2 ነው። ሸኚዎችሽን ውጭ ተሰናበቺ። ልቅሶው እዚያ ይለቅ፤ ወደ ውስጥ ስትገቢ ዓይንሽም ጆሮሽም ነፃ ይሁኑ።

19. ወደ ቼክ ኢን መስኮት ሂጂ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስጪ። ሻንጣውን ሚዛን ላይ አውጪ። ቦርዲንግ ፓስ ይሰጥሻል፤ ላዩ ላይ የጌት ቁጥር፣ የመሳፈሪያ ሰዓትና የመቀመጫ ቁጥር አለ። ትንሿን የሻንጣ ቁጥር ወረቀት እንዳትጥያት። ፓስፖርቱ ውስጥ አስገቢያት።

20. ኢሚግሬሽን ላይ አጭር መልስ ስጪ። «ወዴት ነው?» ሲልሽ «ሪያድ፣ ለቤት ሥራ» በዪ። ውሉን ሲጠይቅሽ አሳዪ። ደላላ ያስጠናሽ ሌላ ታሪክ ካለ እርሺው፤ ወረቀትሽ ሕጋዊ ከሆነ የምትደብቂው ነገር የለም።

21. ፍተሻ ላይ ጫማ፣ ቀበቶ፣ ስልክና ሳንቲም ትሪው ላይ አድርጊ። ውኃ ከያዝሽ ጠጥተሽ ጨርሺ፤ ባዶው ጠርሙስ ይለፍ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ቅባትና ሽቶ በእጅ ቦርሳ አያልፍም።

22. ጌቱ አጠገብ፣ ስክሪኑ በሚታይበት ቦታ ተቀመጪ። ጌት ይቀየራል። በየሩብ ሰዓቱ ቀና ብለሽ ቁጥሩን ተመልከቺ። እንቅልፍ ከመጣብሽ አጠገብሽ ያለችውን ሪያድ የምትሄድ ሴት «ስትነሱ ቀስቅሽኝ» በያት።

በረራው ከዘገየ

23. ከጌቱ አትራቂ። ሰዓቱ ሊራዘምም ሊያጥርም ይችላል።

24. መስኮቱ ላይ ያለውን የአየር መንገድ ሠራተኛ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ አዲሱ ሰዓት ስንት ነው? ምግብ ይሰጣል? ሌሊቱ እዚህ ካለፈ ማደሪያ አለ? አንድ በአንድ ጠይቂ፤ መልሱን ጻፊ። አሥር ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ አብረሽ አትጩሂ። ትንሽ ቆይተሽ ብቻሽን ቅረቢ።

25. ለኤጀንሲው መልእክት ላኪ። «በረራው ዘግይቷል፣ አዲሱ ሰዓት ይህ ነው፣ ለአሠሪዋ አሳውቁልኝ» ብለሽ ጻፊ። ይህ መልእክት ካልደረሰ ሪያድ ላይ የሚቀበልሽ ሰው ጠብቆ ሊመለስ ይችላል፤ አንቺም አዳራሽ ውስጥ ልታድሪ ትችያለሽ።

26. በረራው ከተሰረዘ አዲሱን ትኬት በወረቀት ተቀበዪ። «ነገ ይሄዳል» የሚል የቃል መልስ ይዘሽ ከአየር ማረፊያው አትውጪ። የቪዛው የመግቢያ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ ተመልከቺ፤ ቀኑ ከቀረበ ለኤጀንሲው ያንኑ ሰዓት ንገሪ።

27. በረራው ካመለጠሽ ወደ ማደሪያ አትመለሺ። በዚያው ሰዓት ወደ አየር መንገዱ ትኬት ቢሮ ሂጂ። ከዚያ ለኤጀንሲው ደውዪ። ለቤተሰብ መጨረሻ ላይ ደውዪ፤ መፍትሔው ከታወቀ በኋላ።

አውሮፕላኑ ውስጥ

28. ቀበቶሽን እሰሪ። ጆሮሽ ሲደፈን ማስቲካ አኝኪ ወይም ምራቅሽን ዋጪ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከያዝሽ፣ አስተናጋጇን «የጾም ምግብ አለ?» በያት። ሪያድ ለመድረስ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ሰዓትሽን አትቀይሪ፤ የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው፣ አጠራሩ ብቻ ይለያል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን እነሱ 8 ይሉታል።

ሪያድ ስታርፊ

29. ሰዎቹን ተከትለሽ ወደ ፓስፖርት መስኮት ሂጂ። አሻራና ፎቶ ይወስዳሉ። ጣትሽን ጠፍጣፋ አድርገሽ ተጫኚ። ከሥራ ብዛት የእጅሽ አሻራ የደበዘዘ ከሆነ ትንሽ እርጥበት ቀቢና ድገሚ፤ ማሽኑ እንቢ ሲል አትደንግጪ።

30. ሻንጣሽን በቁጥሩ አረጋግጠሽ ውሰጂ። ካልመጣ ከአዳራሹ ሳትወጪ ወደ ጠፋ ዕቃ መስኮት ሂጂ። ያቺን ትንሽ ወረቀት አሳዪ። የሪፖርት ወረቀትና ቁጥር ሳትቀበዪ አትውጪ። ኢትዮጵያም ሳዑዲም በተቀበሉት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰሽ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ። ዘግይቶ ከደረሰሽ ደግሞ ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አለሽ።

31. የሚቀበልሽን ሰው ስም ከውሉ ጋር አመሳክሪ። ስሙን እሱ ይንገርሽ፤ አንቺ ቀድመሽ አትንገሪው። ካልገጠመ አትሂጂ። የኤጀንሲውን ስልክ አሳዪውና ይደውል። አሠሪ እስኪመጣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ዳቦ ቆሎሽን አውጪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ጠብቂ። «እኔ ላድርስሽ» የሚል አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን አትከተዪ።

32. ቤቱ ስትደርሺ «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት ላኪ። የሠፈሩን ስምና የቤቱን ቁጥር በፎቶ አንስተሽ አብረሽ ላኪ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

33. ሰውነትሽን አላምጂ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ ከጉና በሚወርድ ብርድ ያደገ ሰው ሪያድ ሲገባ ወደ 600 ሜትር ወርዶ በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆን አገር ይገባል። እግር ሊያብጥ፣ አፍንጫ ሊደርቅ፣ ራስ ሊያም ይችላል። ሳይጠማሽም ውኃ ጠጪ። ከንፈርና አፍንጫሽን ቫዝሊን ቀቢ። የኤሲው ቀዝቃዛ አየር አንገትሽን እንዳይመታ አልጋሽን ዘወር አድርጊ፤ ካልሆነ ነጠላ ጣል አድርጊ።

34. እነዚህን ቃላት አጥኚ። በቀን አምስት በቂ ነው። ማ አፍሃም፣ አልገባኝም። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ በቀስ። አና ታዕባና፣ አሞኛል ወይም ደክሞኛል። አና ሳይማ፣ ጾመኛ ነኝ። ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል። ሹርጣ፣ ፖሊስ። ሰፋራ፣ ኤምባሲ። ጀዋዝ፣ ፓስፖርት። ሹክራን፣ አመሰግናለሁ።

35. ያልገባሽን ትእዛዝ በዝምታ አትለፊ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ዝምታሽ እንደ እንቢታ ወይም እንደ ቸልታ ሊቆጠር ይችላል። «ማ አፍሃም» በዪ፤ እመቤቲቱ በእጇ እያሳየች ትድገምልሽ።

36. ቡናውን እንደ እነሱ ቅጂ። አገራችን ሲኒ እስከ አፉ ካልሞላ እንግዳ የተናቀ ይመስለዋል። እዚያ ተቃራኒው ነው፤ የተሞላ ፊንጃል «ጠጥተህ ሂድ» እንደማለት ይቆጠራል። ዳላውን (የቡና ማንቆርቆሪያውን) በግራ እጅሽ ያዢ። ፊንጃሉን በቀኝ እጅሽ ስጪ። ከሲሶው በላይ አትሙዪ። እንግዳው ፊንጃሉን ወዘወዝ እስኪያደርግ ድረስ እየጨመርሽ ቀጥዪ፤ ወዘወዘ ማለት በቃኝ አለ ማለት ነው። ቡናው ቡናችንን ስለማይመስል አትገረሚ፤ ፈዛዛ ነው፣ ሄል ይበዛበታል።

37. ለቤቱ ወንዶች እጅ አትዘርጊ፣ ጉንጭም አትስጪ። በቃል ሰላም በዪ። ጉርሻም አታጉርሺ። አባያና ሻሽ የቤቱ ልማድ ከሆነ ልበሺ፤ ወደ ውጭ ስትወጪ ሰፊ ልብስ ምረጪ።

38. እያንዳንዱን ማሽን አንድ ጊዜ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የልብስ ማጠቢያ፣ የምንጣፍ መጥረጊያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ኦቨን። ስትማሪ ቁልፎቹን በደብተር ሳዪ፤ ከጎናቸው በአማርኛ ጻፊ። ሳታውቂ ከምትነኪ ጠይቀሽ ብትቆዪ ይሻላል።

39. በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅዪ። ክሎሮክስ የሚባለው በረኪና ነው። ከመጸዳጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አንዱን ተጠቀሚ፣ በውኃ አጥቢ፣ ከዚያ ሌላውን ክፈቺ። በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ጓንት አድርጊ። ከሸተተሽ ሁሉን ትተሽ ወደ ውጭ ውጪ።

40. በረመዳን ቀን ቀን ከሰው ፊት አትብዪ፣ አትጠጪ። ሥራው ወደ ሌሊት ይዞራል። ቀን ላይ የምትተኚበትን ሰዓት ከእመቤቲቱ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። የራስሽን ጾም ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ ጾም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። «አና ሳይማ፣ ሥጋና ወተት አልበላም» ብትያት ሩዝና አትክልት ለይታ ልትሰጥሽ ትችላለች።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ

41. ናፍቆቱ ሲመጣ ቀኑን ደብተር ላይ ጻፊ። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ባዕድ አገር የገባ ሰው መጀመሪያ በሁሉ ነገር እንደሚደነቅ፣ ቀጥሎ ሁሉ ነገር እንደሚያስጠላው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደሚለምድ ጽፏል። መካከለኛዋ ጊዜ ከባድ ናት። ምግቡ ይጠላል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ሰው ሲስቅ በአንቺ የሚስቅ ይመስላል። እብደት አይደለም፣ ሟርትም አይደለም፤ ስም ያለው፣ ብዙ ሰው ያለፈበት ነገር ነው።

42. በዚያ ሰሞን አራት ነገር አታቋርጪ፦ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ጸሎት፣ የእሑድ ስልክ። ፈቃድ ጠይቂና አንድ ቀን ሽሮ ሥሪ። በኢሞ ስትደውዪ ለእናትሽ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ አትዝጊ። የከበደሽን ቢያንስ ለአንድ እህት ወይም ጓደኛ በግልጽ ንገሪ።

43. በናፍቆት ተነስተሽ ከቤቱ አትጥፊ። ያለ ማስታወቂያ የጠፋች ሠራተኛ «ሁሩብ» ተብላ ትመዘገባለች፤ ሕጋዊነቷንም ልታጣ ትችላለች። ደመወዝ ከተከለከልሽ ወይም ዕረፍት ካጣሽ በቅድሚያ ለኤጀንሲው፣ ቀጥሎ ለሳዑዲ የሰው ሀብት ሚኒስቴር በ19911 ደውዪ። ድብደባ ወይም የሕይወት አደጋ ካለ ግን ይህን ቅደም ተከተል እርሺው። ውጪ፤ ሪያድ፣ መካ፣ መዲና ወይም ምሥራቅ ክልል ከሆንሽ 911፣ ሌላ ቦታ ከሆንሽ 999 ብለሽ ፖሊስ ጥሪ፤ ወደ ኤምባሲው ሂጂ። ለአምቡላንስ 997 ነው።

44. ፓስፖርትሽን በትሕትና ጠይቂ። በሳዑዲ ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። እንቢ ካሉ አትጨቃጨቂ፤ ፎቶው በስልክሽ፣ ቁጥሩ በደብተርሽ መኖሩን አረጋግጪና ለኤጀንሲው አሳውቂ።

45. የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ነገር ተከታተዪ። ከገባሽ በ90 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። የገባሽበትን ቀን ጻፊ፤ 60 ቀን ሲሞላ «ኢቃማዬስ?» በዪ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በሂጅራ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ የሚያበቃበትን ቀን ሰው አስቆጥረሽ ወደ አገራችን አቆጣጠር ገልብጪ።

46. የመጀመሪያውን ደመወዝ ስትቀበዪ ከውሉ ጋር አመሳክሪ። አዲስ ለሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያው ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት መድረክ በኩል በኤሌክትሮኒክስ እንዲሆን ታዟል። በእጅ ከሰጡሽ እዚያው ቁጠሪው። የተቀበልሽውን መጠንና ቀን ጻፊ። ያልተቀበልሽውን ተቀብያለሁ ብለሽ አትፈርሚ። ወደ ቤት ገንዘብ ስትልኪ የላክሽበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሺ፤ ፎቶውን ቤት ላኪ፤ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከውሉ ጀርባ አስቀምጪ።